የዋንዛ ራስ

ሦስት እግር ከአንድ ግንድ፣ ሚስማር ሳይነካው፣
አባቴ አባ ጨብሳ ዋንዛውን ሲያንኳኳው፣
ሐሙስ ነበር፤ ሂርማታ በሰው እንደሞላ
ካቦው መጣ ከአይሮፕላን ሜዳ፣ በሞተር፣ አቧራ እየበላ።

በእጁ የቆዳ ቆብ፤ ግንባሩ ላይ ቀዳዳ፣
ሌባ ጣት የሚያሾልክ። ታጥቧል፤ ስፌቱ ግን አልጸዳ።
«ቆዳ አላዋጣም» አለ በአስተርጓሚ፣ «ላሜራ ይደፋበት፤
ያለ ልክ የተደፋ ላሜራ ግን ራስ አይጠብቅም፤
ራስ ጥረብልን፣ ስምንት።»
እምቢ ይባል እንደነበር እኔ አላውቅም።

መጡ ልጆቹ፤ በየተራ በእኛው በርጩማ ተቀመጡ፣
ሲባጎ ዞረ በግንባራቸው፤
አንዱ ሳቀ፤ የሌላው እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተንቀጠቀጡ።
አባቴ ቋጠሮ ቋጠረ፤ አንድ ለግንባር፣ አንድ ለማጅራት፣
ጆሮው ላይ እብጠት ተወ፣ ሬዲዮ የሚሰሙበት ክብ እንዲገባበት።

የመጀመሪያው ቆብ ከበደ፤ አንገት አጎበጠ።
ሁለተኛው በተኳሹ ጠባብ የመስታወት ጎጆ አልገባ አለ፤
ካቦው በንዴት ግድግዳ ላይ አላተመው፤ ግድግዳው ፈረሰ፣ ቆቡ ደህና ነበር።
ሦስተኛውን እንደ ጥቅል ጎመን ሠሩት፣
ላሜራ በላሜራ ላይ፣ በጆሮ በኩል ማጠፊያ፣ ከውስጥ የበግ ጠጉር።
ይሄኛው ገባ።

«አባዬ» አልኩት፣ «እነሱ ከላይ ናቸው፤ ቦምቡም የነሱ ነው።
ከታች ላለው ራስ ማነው የሚጠርብ?»
«ፍቅፋቂውን ጥረግ» አለኝ።
ማታ ግን፣ የተኛሁ መስሎት፣
በቀዝቃዛ ጣቱ ጸጉሬን ገልጦ ሲባጎ አዞረብኝ።
ምንም አልጠረበም። ቋጥሮ ከስምንቱ ጎን ሰቀለው፤
ዘጠኝ ሲባጎ በአንድ ምሰሶ።

አይሮፕላን ሄዶ በቀረ ቁጥር ካቦው ይመጣል፣
ቃል አይተነፍስም፤ አንዱን ሲባጎ ይፈታል።
አራት ቀረ፤ ሁለት ቀረ፤
አባቴ የኔን ወደ ጨለማው ጥግ አዞረ።

በሚያዝያ፣ በዝናቡ መሃል፣ የእንግሊዝ አይሮፕላን መጣ።
ከላይ የነበሩት በተራቸው ከታች ሆኑ፣
ብረት ቆባቸውን እንደደፉ ቦይ ውስጥ ገቡ፤
እኛም እዚያው ቦይ ውስጥ ነበርን፣ በባዶ ራስ።
አንዱ ልጅ፣ ያ እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ የራሱን አውልቆ
ራሴ ላይ ደፋው። ሰፋኝ፤ እስከ አፍንጫዬ ጨለመ።
ሲገፈፍልኝ ማን እንዳነሳው አላየሁም።
ልጁንም አላየሁም።

ሱቁ ነደደ። አዌቱ ዳር፣ ጭቃ ውስጥ፣
አንድ የዋንዛ ራስ ተገኘ፤ ጉንጩ ብቻ የተለበለበ።
የማን ልክ እንደሆነ የሚነግር ሲባጎ የለም።

እናቴ ለኢድ ኮፍያ አጥባ ታሰጣበት ነበር፤
ዛሬ የልጄ ሚስት ታሰጣበታለች።
መስጊድ ስንገባ ሰው የእኛን ቤት ኮፍያ ይለያል፤
ጆሮው ጋ ትንሽ ይሰፋል።