የበሬው ስም

መምህርት ሚልካ ራጅፑርከር ጡረታ የወጣች ሰሞን
ዘጠኝ ደብተር ገዛች፣ ሁሉም ሰማያዊ ሽፋን፤
ከአሊባግ እስከ ረቭዳንዳ፣ በአውቶቡስ፣ በእግር፣ በጀልባ፣
የሙት ስም ስትለቅም ከረመች፣ ከመቃብር መቃብር ስትገባ።
ዝናብ የበላውን ፊደል በጠመኔ ቀብታ አወጣች፤
«ይህ ሰው ያለ ስም አያድርም» ብላ ድንጋዩን ተቆጣች።

ሦስት ልጆች ነበርን የቀረነው፣ ከዚያ ሁሉ ሰፈር፤
ሌላው በሩን ዘግቶ ሄዷል፣ ባሕር ተሻግሮ ሊሰፍር።
እሑድ እሑድ በምኩራቡ በረንዳ ታስተምረናለች፦

«መርከባችን በዚህ ዳርቻ ከዐለት ላይ ተሰብሮ፣
መጽሐፉን ባሕር በላው፤ ጸሎቱም ቀረ ተቀብሮ።
አንዲት ቃል ተረፈችን፣ ‹ስማዕ እስራኤል›፤ ሌላ ሳናውቅ
እሷን በአፋችን ይዘን ኖርን፣ የሰሊጥ ዘይት ስንጨምቅ።
በሬያችን ስድስት ቀን ዞረ፤ ቀዳሚት ሰንበት ግን ቆመ፤
ጎረቤት ከበሬው ዕረፍት ማንነታችንን ተረጎመ፤
‹የቅዳሜ ዘይተኞች› አለን።»

እኔ፣ የፊት ጥርሴ የወለቀ፣ እጄን አነሣሁ፦ «መምህርት፣
የበሬው ስም ማን ነበር?» ሁለቱ ወደቁ በሳቅ ብዛት።
እሷ አልሳቀችም። ደብተር ገለጠች፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤
የሙሽራ ጥሎሽ አለ፣ የዕዳ ውል፣ ፈንጣጣ የወሰደው ሕፃን፤
መርከብ የሰበረው ዐለት እንኳ ከነቅርጹ ተሥሏል።
በሬው የለም።
ስድስት ቀን ዞሮ ያበላን፣ በሰባተኛው ቆሞ ያስጠራን፣
እሱ የለም።

ጃንጥላዋን አንሥታ ወጣች፣ በዚያ በሐምሌ ዶፍ፤ ተከተልናት፣
ሽሪፓድ ማትሬ ዘንድ፤ የምኩራቡን ቁልፍ የሚይዘው ሂንዱ፣
ዓይኑ ከጠፋ የቆየ። ገና ጥያቄው ሳያልቅ፦
«ሞቲ» አለ። «ዕንቁ ማለት ነው። ግንባረ ቦቃ።
ልጅ ሆኜ ሣር አብልቼዋለሁ።
አያቴ ቅዳሜ ሲያርስ፣ አጥሩ ጋ ቆም ይልና ላቡን ጠርጎ፣
‹ምነው እግዜር የነዚህ ሰዎች በሬ አድርጎኝ በነበር!› ይል ነበር።»
ሳቀ። ያኔ መምህርትም ሳቀች፤ ጃንጥላው እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ።

እዚያው ደጃፉ ላይ ጻፈችው፣ በዘጠነኛው ደብተር፦
ሞቲ። በሬ። ግንባረ ቦቃ። ሰንበት ያከብር የነበር።
የነገረን፦ ሽሪፓድ ማትሬ፣ ጎረቤት።
የጠየቀ፦ ሐኖክ፣ ዕድሜው ሰባት።

ከጣሪያው ጠብታ ወርዶበት
ሰባት የሚለው ዛሬም ደብዝዟል።