ከግራ ወደ ቀኝ

ወገቤ ላይ ሃያ ሦስት ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤
ስራመድ ሲንሿሿ ከሩቅ ይሰማል፤
«መኳንንት መጣ!» ሲባል ከደረጃው ሥር አጫሹ ሁሉ ይበተናል።
የዋናውን በር፣ የጓዳውን፣ የጣሪያውን ሳላይ በጣቴ አውቃለሁ፤
ሰባተኛውን ግን በወር አንዴ፣ ለአቧራ ብዬ አዞራለሁ።

የቤተ ሙከራው ነው።
ስድስት ማይክሮስኮፕ የላስቲክ ቆብ ደፍተው፣
እንደተቀጣ ልጅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው።
ቧንቧው ከፋሲካ ወዲህ ጠብታ አልወጣውም፤
በሩ ላይ የተለጠፈው መርሐ ግብር የካቻምና ነው፣ የነቀለው የለም።
«ፊዚክስ እንዲከፈት አሥራ አምስት ልጅ ይሙላ» ተባለ።
ዘጠኝ ተገኙ። ቂርያት መላኺ ቀሪውን ስድስት ከየት ታምጣ?
አራቱ በማለዳ አውቶቡስ ሬሖቮት ይወርዳሉ፤
አምስቱ ቱሪዝም ገቡ፤ ቱሪዝም ብዙ አይጠይቅም አሉ።

የሒሳብ መምህሯ ጋሊና በሱኮት ማግስት ጡረታ ወጣች፤
ጠመኔዋን በመሐረብ ጠቅልላ ለእኔ ሰጠች።
በእሷ ምትክ የመጣው ወጣት እስከ ሐኑካ ቆየና
ደመወዙን ቆጠረ፤ ጥሩ ሒሳብ ያውቅ ነበርና
ሄደ።
አሁን የስፖርቱ መምህር ፊሽካውን ባንገቱ አንጠልጥሎ
«ገጽ አርባን ሥሩ» ይላል፣ እሱ ስልኩን ሲነካካ ውሎ።

ባለፈው ሰኞ ግን በጽዳት ሳይሆን በአባትነት ተጠራሁ፤
ቁልፎቼን ኪሴ ውስጥ አፍኜ፣ ጠዋት የወለወልሁት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።
አማካሪዋ ሐጊት በፈገግታ ተናገረች፣
ልጄ ታገልም ወደ እኔ ዞራ ተረጎመች፦
«ጎበዝ ነሽ፣ ባለ አምስቱ ሒሳብ ትገቢያለሽ ነው የምትለው፣ አባ።»
እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ኮሪደር ስጠርግ
ዕብራይስጥ ከመጥረጊያዬ ጋር ሲሄድ ነው የኖረ።
ሐጊት ያለችው፦ «ባለ ሦስቱ ይበቃታል።
ለምን ትጨናነቅ? ሦስትም ቢሆን ያስመርቃል።»

ልጄ ዋሸችኝ። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ዋሸኋት።
ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ይሆናል ብላኝ ነበር አንድ ምሽት።
ይሄስ? የእሷ ውሸት በእኔ ውሸት?

ማታ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ትታ ተኛች።
ዕብራይስጡ ከቀኝ ይነሳል፤ ዓይኔ እስካሁን ይደናቀፍበታል፣
የሰው ቤት ደረጃ በጨለማ እንደሚወጣ ሰው።
እኩልታው ግን፣ እኩልታው ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣
እንደ ሀ ሁ፣ እንደ ስሜ።
በዚህ አገር ወረቀት ሁሉ ላይ በእኔ በኩል የሚራመድ
ይሄ ብቻ ነው አልሁ። ኤክሷን በጣቴ ተከተልኋት፤
የት እንደምትደርስ አላወቅሁም፤ አካሄዷን ግን አወቅኋት።

ጠዋት ቅጹን አወጣሁ። «ሦስት» ላይ ቀድሞውኑ ምልክት ተደርጓል፤
ከሥሩ ለወላጅ ፊርማ አንዲት መስመር ቀርታለች።
ሦስቱን ሰረዝሁ። አምስት ጻፍሁ።
ከዚያ ስሜን በአማርኛ፣ ለእነሱ መስመሩ ከሚያልቅበት ጀምሬ
እስከሚጀምርበት ድረስ ሞላሁት።
ሐጊት ወረቀቱን አገላበጠች፣ ወደ መስኮቱ አስጠጋች፣
«ከልጅህ ጋር ተነጋግራችኋል?» አለች።
«ተነጋግረናል።»
ይህ እንግዲህ ሦስተኛው ውሸት ነው፤
ሦስቱ ሲባዛ ምልክቱ ምን እንደሚሆን ታገልን አልጠየቅኋትም።

መልስ አልመጣም። ቤተ ሙከራውም እንደ ዝግ ነው።
ጣቴ ግን ኪሴ ውስጥ ሰባተኛውን ሳይቆጥር ያገኘዋል፦
የሌሎቹን ጥርስ ዓመታት በልተውታል፣
የእሱ ገና ስለት አለው።