አንድ ቃል ብቻ

ሰባ ሦስት ክረምት፣ ደሴ ጉም ለብሳ፣
ካንገቱ በላይ ጠፍቶ ነበር ጦሳ።
ከቧንቧ ውሃ በታች፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
በጽሕፈት መኪና ስኖር ያን ዘመን፣
ይግባኝ ስመታ ውዬ፣ ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣
መምህር አመዴ ብቅ አለ አንድ ማታ።
በላስቲክ የጠቀለለውን መቶ ገጽ ሰጠኝ፤
«ልብ ወለድ ነው፣ ምቺው፤ ለሰው አታሳዪብኝ።»

በካርታ የሌለች አንዲት ከተማ ናት።
በሯ ላይ ዘበኛ አለ፣ መርፌና ክር ያዘለ እጀታው ላይ፣ ሌሊት ከቀን የማይተኛባት።
«ምንድን ነህ?» ይላል። «አንድ ቃል ብቻ ተናገር።»
ሁለት ቃል ክልክል ነው። ያችን ቃል በክር
ደረቱ ላይ ሰፍቶ ያስገባዋል፤ ከዚያ ወዲያ
ዳቦው በቃሉ ነው፣ በቃሉ መተኛ፣ በቃሉ ገበያ፤
ጎረቤቱም በቃል፣
ሲሞትም በዚያው ቃል ተለይቶ ይቀበራል።

እየመታሁ ሳቅሁ፤ ጣቴ ሳተ ፊደል።
እኔን ራሴን እዩ፣ ስሜ ምን ይባላል?
ዘምዘም ወልደሰንበት! ለመውሊድ እናቴ
በርበሬ ፈጪ ናት፤ ለጥምቀት አጎቴ
ሼህ ይመር፣ ድንኳኑን ካስማ መቺ እሱ ነው።
«ጋሼ፣» አልኩት፣ «ውሸት እንኳ ልክ አለው፤
እንዲህ ያለ ጥያቄ ወሎ ማን ይጠይቃል?»
መነጽሩን ጠረገ። «ምቺው ባክሽ፤ ይመሻል።»

ያኔም ገነት አልነበር። የልብስ ሰፊው ልጅ
ለስብሰባ ወጥቶ አልገባም ከደጅ፤
አባቱ ጃኬቱን ቁልፍ ተክሎ ጨርሶ
አሥራ አንድ ዓመት ሰቅሏል፣ «ይለብሳል ተመልሶ»።
ግን ያ የሰው ጅብ እንኳ፣ ጨለማ ተገን አርጎ ሲበላ፣
«ምን ታስባለህ?» ይል ነበር፤ «ምንድን ነህ?» መጣ ኋላ።

አመዴ ያልገመተው፣ የሳተው አንድ ነገር፦
በሱ ከተማ ዘበኛው ደመወዝተኛ ነበር።
እኛ በነጻ ነን። በሩን በኪሳችን
ይዘን እንዞራለን፤ ሌሊት ከትራሳችን
ሥር ሆኖ ያበራል። ክሩንም መርጠን ገዝተን፣
መርፌውን በገዛ እጃችን፣ ደረታችንን ከፍተን…
የመጽሐፉ ሰዎች ሲሰፉ ያለቅሳሉ፤
የኛ ልጆች ሲሰፉ ፎቶ ይነሳሉ።

አንድ ሌላም ስቷል። ተፈናቃዩ ሁሉ
ተማሪ ቤት ሲተኛ ተጣቦ በየክፍሉ፣
የሰኞ ገበያ ሴቶች ድስት ተሸክመው
መጡ። «በላችሁ?» ነው ያሉት፤ ጥያቄው ይኸው ነው።

ትናንት ከኮምቦልቻ ስመለስ፣ ሐረጎ ገመድ ላይ፣
አንድ ጢም ያላወጣ ልጅ መታወቂያዬን ሲያይ፣
«ዘምዘም… ወልደሰንበት…» ገለበጠ፣ መረመረ፤
«እማማ፣ የትኛው ነሽ? ባንድ ቃል!» አመረረ።

የዚያ መጽሐፍ መጨረሻ መጣብኝ ያኔ፤
ካርቦን ቅጂው ዛሬም አለ፣ ከሳጥን፣ ከእኔ።
በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ሲጠየቅ፣
«መልሱን ባዶ ተዪው፣» ብሎኝ ነበር፣ «እስኪመጣልኝ ልጠብቅ።»
ሳይሞላው ሞተ።

«የልብስ ሰፊው ጎረቤት» አልኩት። ሰልፉ ሳቀ።
ልጁ ግን አልሳቀም፤ መታወቂያዬን አልለቀቀ።
ወያላው ቆርቆሮውን እየደበደበ ይጮሃል፦
«አንድ ቃል ናት እኮ፤ በያት በቃ! ይመሻል።»