ስምና ቁጥር

ሸርብሩክ ጎዳና፣ ዊኒፔግ፤ ባለ ዐሥራ አንድ ፎቅ፣
ሊፍቱ ከቆመ ስድስት ሳምንት፤ ብርዱ ሽፋሽፍት የሚያጣብቅ።
እኔ የልምምድ ተማሪ፣ መዝገብ በብብቴ ይዤ፣
ከታች እስከ ላይ በራፍ ላንኳኳ ታዝዤ።

እናቴ በስልክ፦ «ነርስነቱን ተውሽው? ታዲያ ሥራሽ ምን ሆነ?»
«ሰውን ከሰው አገናኛለሁ።»
ዝም አለች። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር።
«ድለላ ነዋ!»

የመጀመሪያውን ወር በመሸከም ፈጀሁት፤
የኮራዞንን ሩዝ፣ ባለ ዐሥር ኪሎውን፣ ሰባተኛ አወጣሁት፤
የሽማግሌው ቤርዲን መድኃኒት፣ የመንታዎቹን ጋሪ፤
ሆንኩላችሁ ምርቃት ለቃሚ፣ ጉልበት አበዳሪ።
አለቃዬ ዶሪን አንድ ማታ ደረጃው ላይ አገኘችኝ፤
«ሩዙን አንቺ ካወጣሽው፣
ሊፍቱን ማን ይጠይቀው?»
ብላኝ አለፈች።

ለካ ደግነትም ዝም ያሰኛል።

ዘጠኝ መቶ አራት። አቶ ዘርጋው።
በሰንሰለቱ ስንጥቅ አማርኛዬን ሰምቶ ፊቱ ሊበራ ሲል
መዝገቡን አየና ጠፋ።
«ነዋሪውን እያደራጀን ነው» አልኩት።
ቃሉን በእንግሊዝኛ ስማረው ለስላሳ ነበር፤
በአማርኛ ጠመንጃ አንግቦ ወጣ።
«አደራጅ?» አለ። «በእኛም ቀበሌ ነበረ፣
እንዳንቺ ትሑት፣ እስክሪብቶ የማይለየው።
ታላቄን መዘገበው። በነጋታው በስሙ ጠሩት፤
‹አቤት› ብሎ ወጣ።
እስከ ዛሬ አልገባም።»
በሩ ተዘጋ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጨዋ በር።

ትምህርት ቤት «አመኔታ ማትረፍ» የሚል ምዕራፍ ነበረን፤
ገጹን እንኳ አላስታውስም።
በማግስቱ ባዶ እጄን ሄድኩ። ስለ ጉልበቱ ጠየቅሁት፣
ስለ ሊፍቱ አላነሳሁበት።
በሦስተኛው ሳምንት ሰንሰለቱ ወረደ።

ስብሰባችን ልብስ ማጠቢያው ክፍል፤ ቅርጫት ገልብጠን ተቀምጠን፣
ማድረቂያው እየጮኸብን፣ በአምስት ቋንቋ ተቆጥተን።
ወረቀቱ ዞረ።
አቶ ዘርጋው፣ ቆሞ፦ «ስሜን አትጻፊ፤
የበሬ ቁጥር ይበቃል።»
ተረጎምኩ። ሽማግሌው ቤርዲ ረጅም ጊዜ አየው።
«እኔን በአዳሪ ትምህርት ቤት በቁጥር ነበር የሚጠሩኝ» አለ፤
«የኔን ስም በትልቁ ጻፊ። ሙሉውን።»
ያ ወረቀት አሁንም አለኝ፦
አንድ ስም መስመሩን አልፎ ሞልቶ፣
ከጎኑ 904፣ ቀጭን፣ የተደበቀ።
ሁለቱም ፊርማ ነው።

«ድር ቢያብር…» ትለኝ ነበር እናቴ።
እኛ አንበሳ አላሰርንም፤
ሊፍት አሠራን።

አሁን ዐሥራ አንዱም ፎቅ በዝምታ ይወርዳል፤
ደረጃ ላይ ሲያለከልክ የተዋወቀው ሁሉ፣ የሊፍቱን በር ያያል።
ቅር ይለኛል፣ አልዋሽም።
ዛሬ ጠዋት ግን አቶ ዘርጋው፣ ፊቱን ከበሩ ሳይመልስ፣
ለማንም እንዳላለ ሁሉ፦
«ማሞቂያውስ?» አለ።
እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር። መለስኩት።
ኮራዞን ቦርሳዋን ከፍታ
እስክሪብቶ ትፈልጋለች።