ኖሮ

ሐሙስ ማታ ነበር፣ አንታናናሪቮ፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ፣
ከሩዙ ማሳ ዳር፣ ከቀይ አፈር ደጃፍ።
አንድ ሺህ ሁለት መቶ የአንድ ቀን ጫጩቶች፣
በየካርቶኑ ሆድ ቢጫ ጩኸቶች፤
ከሞሪሺየስ የመጡ፣
ገና እህል ያልቀመሱ፣ ውሃ ያልጠጡ።

ኖሮ የሚሏት ሴት፣ የጭነት መኪናዋን በር ከፍታ፣
አርባ እርምጃ ሲቀራት ትሰማለች፣ ከአጥሩ ተጠግታ።
የሐኪሙ ማኅተም አለ፤ ጉምሩክም ጨርሷል፤
የቀረው ማውረድ ነው፤ የሚያወርደው ግን አንድ ነው፣ እሱም እራቱን ሊበላ ሄዷል።

አንድ ነው ፎርክሊፍቱ፣ አንድ ነው ሚዛኑ፣
አንድ ነው ድርጅቱ፣ አንድ ነው መጋዘኑ፤
ሌላ እጅ እንዳይነካ ከሰማይ የወረደ ዕቃ
ውል አለው የታተመ፤ ውሉም ገና ሃያ ዓመት ይቀረዋል ሊያበቃ።

«እኔ ላውርድ» አለች፣ «ክንድ አለኝ፤ ካርቶን ነው፣ ድንጋይ አይደለም።»
«እመቤት» አላት ጥበቃው ዛፊ፣ «እንዲህ ያለ ነገር በሕጉ የለም።»
ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለብርዱ ኮቱን አቀበላት፤
ቁልፉን ግን ከየት አምጥቶ ይስጣት?

ሌሊት ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ቀኑ ተቀየረ፤
የመጋዘኑ ኪራይ የሁለት ቀን ሆኖ ተቆጠረ።
ጩኸቱ ግን ሳሳ። መጀመሪያ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፣
ኋላ እንደ ጠብታ፤ ኋላማ መስማቱን ትታ ቀና አለች ወደ ሰማይ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት በሩ ተከፈተ።
ሦስት መቶ ሰባ አንድ (እሷ ናት የቆጠረችው) ሞተ።
ደረሰኙ ግን አልጎደለም፤
በሚዛን ላይ በሙትና በሕያው መካከል ልዩነት የለም፤
የማውረጃ፣ የመደርደሪያ፣ የማቆያ፣
የፎርክሊፍት፣ በእጅ ተሸክመው ላወጡት፤ ደግሞም ለ«አስቸኳይ አገልግሎት» መክፈያ።
አቤቱታ ካለሽ ጻፊ አሏት። ጻፈች። ሣጥኑ የእነሱ ነው፤
ቁልፉም በዚያው ቀበቶ ላይ የሚወዛወዘው።

ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል በእኛ አገር፤
እሱ ግን መች ሮጠ? ተቀምጦ ነው ያሸነፈ፣ ሳያነሳ እግር።

ወራት አልፈው እንቁላል ሲወደድ በኮረብታው ገበያ፣
ሁለት ትገዛ የነበረች እናት አንድ ይዛ ሄደች ወዲያ፤
ማን ይነግራታል ያ አንዱ እንቁላል የት እንደቀረ፣
ከአጥር ማዶ፣ በአንድ ሌሊት ብርድ ውስጥ እንደነበረ?

ኖሮ በአገሯ ልሳን ደስታ ነው ይላሉ፤
በእኔ ቋንቋ የጸጸት ማሰሪያ ነው፣ የረፈደባቸው ሁሉ የሚሉ።
ያን ጠዋት ከኋላዋ ተሰልፌ፣ ደረሰኙ ግርጌ ስሟን ስትፈርም አየሁ፤
ሌላ ምንም አልጻፈችም፤ የጎደለውን እኔ ነኝ ያነበብሁ፦
ሁለተኛ በር ቢኖር
ኖሮ።