ጠጋ በሉ

ከደብረ ብርሃን የተዋዋሉት ፎቶ አንሺ ጣርማ በር ላይ ጉም ይዞት ቀረ፤
«ጉሙ… መኪናው…» አለና ስልኩ ተሰወረ።
«ያ የግብርናው ልጅ ካሜራ አለው» አለ አንድ ሰው ከዳሱ፤
ሰላ ድንጋይ ሙሉ ዞሮ አየኝ፣ ጉርሻ የያዙ እጆች ከመንገድ ተመለሱ።

ካሜራውስ አለኝ። የመንግሥት ነው፤ ቁጥር ተለጥፎበታል፤
ዋግ የመታው ስንዴ ሲገኝ አንሣበት ተብዬ ፈርሜበታል።
ቅጠል ሳነሣ ነው የኖርኩት፤ ቅጠል ደግሞ ጨዋ ነው፤
ዓይኑን አይጨፍን፣ «ቆይ ነጠላዬን» አይል፣ ማንም አላስኮረፈው።

ሰው ግን…
እስኪ ስልሳ ሰው አሰልፍ፣ በጥር ፀሐይ፣ እኩለ ቀን፤
ግንባር ያበራል፣ ከቅንድብ በታች ጥላ ይከድነዋል ዓይንን።
መጀመሪያ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ሰጠኋቸው፤
ስልሳ ሰው ሎሚ የመጠጠ መሰለ፣ ተጨማደደ ፊታቸው።
ከዚያ ወደ ጥዱ ጥላ ነዳኋቸው፣ ወንበር ተሸክመው፣ ሕፃን ተሸክመው፣
ሙሽራዋ ቬሎዋን በሁለት እጇ፣ ሚዜዎቿ ጭራውን ከገለባ አድነው።
ጥላው ውስጥ ሰው ወደ ፊቱ ተመለሰ።
ይኼን ማንም አላስተማረኝም፤ ስሳሳት በራሱ ደረሰ።

ድምፄ ለሠርግ አይበቃም፤ ዘውዲቱን ለመንኳት፣ የልጅቷን አክስት፤
ስም በስም ጠራችልኝ፣ ከበረት፣ ከዳስ ጥግ፣ ከጋን ሥር፣ ከማጀት።
ረዥም ከኋላ፤ አጭር ከፊት፤ ሕፃናት መሬት፤
እምዬ አጸደ መካከል፣ በወንበር፣ ከዘራቸው ከጉልበት፤
እታለማሁ ከወጥ ቤት መጣች፣ ጭልፋዋን እንደያዘች፤
«ጣይው» አሏት፤ «ማን ይጠብቀዋል?» አለችና ከጀርባዋ ደበቀች።

የሙሽራው አባት ጋሽ ዘርጋው ከቀኝ ጫፍ፣ ወንድማቸው ጋሽ ሸዋንግዛው ከግራ፤
መሃል ስልሳ ሰው፣ ነጭ የለበሰ ካብ፣ ከሰው የተሠራ።
ነገሩ የአንድ ትልም ነው፤ ሰባት ዓመት አረጀ፤
የተጣሉበት ባሕር ዛፍ እንኳ ለዳስ ቋሚ በጀ።

በመስኮቷ አየሁ። ሁሉም ገባ፤ ሁለቱ ወንድማማች ተቆረጡ፤
አንዱ በጆሯቸው፣ አንዱ በትከሻቸው ከፎቶው ወጡ።
«ከእናታችሁ ጀርባ ቦታ አለ» አልኩ፤ «ጫፍ ያላችሁ፣ ወደ መካከል!»
ሠርጉ ዝም አለ፤ የጥዱ ቅጠል ሲነካካ እንኳ ይሰማል።

መጡ፤ ቆሙ፤ በመካከላቸው ግን ክፍተት አለ፤
በዓይኔ ለካሁት፣ የአንድ ትልም ያህላል፣ ገብስ ቢዘሩበት በበቀለ።
«ጠጋ በሉ።»
ጣት ያህል።
«ጋሽ ዘርጋው፣ ጠጋ፤ ትከሻዎ ከፎቶው ይወጣል።»
«በቃኝ፣ ልውጣ» አሉ። እምዬ አጸደ ሳይዞሩ በከዘራቸው አንዴ መሬት መቱ።
ተጠጉ። ጋቢ ከጋቢ ተነካ፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ ሁለቱ።

አንድ፤ ሁለት፤ ከገደሉ በኩል ነፋስ ወጣና
የሙሽራዋን ዓይነ ርግብ ጋሽ ሸዋንግዛው ፊት ላይ ጣለው እንደ ዳመና፤
ወንድማቸው እጃቸውን ሰደዱ፣ ገለጡላቸው፣ ሳያውቁ፤
ጭልፋዋ ብቅ አለች፣ ሕፃናቱ፣ ከዚያ ስልሳው ሁሉ ሳቁ።
ተጫንኩ። ሦስት አላልኩም።

ዘጠኝ ጊዜ አንሥቻለሁ። ስምንቱ ለመዝገብ ነው፣ አንገቱ የቀና፣ ፊቱ የደረቀ፤
በሁለቱ ሙሽራው ጨፍኗል፤ በአንዱ አንድ ሕፃን ከፊት ረድፍ ሾልኮ ራቀ።
አንደኛዋ ግን፣ የነፋሷ፣
በሁለቱም ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች ራሷ።

አልታረቁም፤ እንዳይመስላችሁ። ለሚያዝያ ቀጠሮ አላቸው፤
በአንድ መንገድ፣ በሁለት ዳር ይሄዳሉ፣ ፋይላቸው በብብታቸው።

ሰኞ ካሜራውን ስመልስ «የደረሰ ጉዳት፦ የለም» ብዬ ፈረምኩ፤
አንድ ነገር ግን የሚሞላበት መስመር አጣሁለት፣ እዚህ ጻፍኩ፤
ያን ቀን ከኋላዬ ሜዳ ነበር፣ ባዶ ሜዳ፣ እስከ ገደሉ ጫፍ ድረስ፤
ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብል ሁሉም በገባ፣ የማንም ትከሻ ማንም ጋ ሳይደርስ።
አላልኩም።