ትናንት ምን በሉ?

በሊዬዥ ከተማ፣ በመዝ ወንዝ ዳርቻ፣
ሥራዬ ጥያቄ ነው፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ።
ቦርሳዬ ውስጥ ሚዛን፣ የሥዕል መጽሐፍ፣
ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ሳህን በሰልፍ።
ደወሉን ተጭኜ፣ በሩ ሲከፈት ቀስ፣
«ትናንት ምን በሉ?» እላለሁ እንደ ነፍስ አባት ቄስ።

ዕድሜ ለብቻው ዓምድ፣ ጾታም ለብቻው፣
ገቢ በእርከን በእርከን፣ ሰፈር ከነስሙ ነው፤
ከመጨረሻው ጥግ ሁለቱ ቁጥሮች፦
ካሎሪ በሺዎች፣ ስብ ደግሞ በግራሞች።

ጊስላን ሰባ አንድ ዓመቱ፣ ስራን ነው መንደሩ፤
አርባ ዓመት ሙሉ ቆሟል ከብረት ምድጃ ዳሩ።
ምድጃው ከጠፋ አሥራ ስድስት ዓመት፤
ሆዱን ግን ማን ያርዳው፣ ማን ይንገር በድፍረት?
ዛሬም ጎህ ሲቀድ የአሳማ ስብ ቀብቶ፣
በወፍራም ዳቦ ላይ ጨው ነስንሶ በልቶ፣
ሊሄድ ይነሣና
ይቀመጣል ደግሞ፣ መሄጃውን አጥቶ።
ሥዕሉን ዘረጋሁ፦ «ቁራሹ የቱን ያህላል?»
«ልጄ» አለኝ ስቆ፣ «መጽሐፍሽ ጡት ይጠባል።»

ኮዋንት ኮረብታ ላይ ወይዘሮ ኦዲል
በጣቷ ለውዝ ቆጥራ «አምስት ብቻ» ስትል፣
ሳሎኗ ሜዳ ነው፣ ወገቧ ሸንበቆ፤
ከመስኮቱ ጥግ ግን አይብ ያየኛል ተደብቆ፣
ግማሹ ተቆርሶ። ዝም። መጻፍ ነው ሥራዬ።
ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አልኩ ለብቻዬ።

ኮንቼታ፣ ባሏን ከሰል የበላባት፣
ሰማንያ ሁለት ዓመት በወጥ ቤቷ ያለፋት፦
«ዘይቱ ስንት ማንኪያ?» «እስኪበቃ ድረስ!»
«እስኪበቃ ስንት ነው?» «ሽንኩርቱ እስኪያለቅስ።»
ሚዛኔን አየሁት፤ የእንባ ልክ የለውም።
ሦስት ብዬ ጻፍኩኝ፤ ሦስት ግን አይደለም።

ምቡዪ ነርስ ናት፣ ሌሊት የምታድር፤
«ትናንት» የሚሉት ቀን ለሷ ከየት ይጀምር?
ቁርሷ በምሽት ነው፣ እራቷም ሲነጋ፤
መሃል ላይ ብስኩት አለ፣ ከበሽተኛ አልጋ፣
ቤተ ዘመድ ያመጣው፣ ማንም ያልነካው።
ጻፍኩት። የማን ምግብ ነው? እሱን ማን ጠየቀው።

ማጋሊ፣ ሃያ ዘጠኝ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፤
ሊፍቱ ስለቆመ ወጣሁ ትንፋሼ እስኪያልቅ።
«ልጆቹ ምን በሉ?» «ድንች ጥብስ፣ ከማዮኔዝ ጋራ።»
«አንቺስ?» «በልቻለሁ።» «ምን?» ዝም አለች በተራ።
ቆየችና ደግሞ፦ «ከሳህናቸው ላይ የተረፈችውን፤
ቆሜ፣ ዕቃ ሳጥብ፤ የጠቆረች ጫፏን።»
መጽሐፌን ገለጥኩት፣ ያቺ ሳህን የለችም፤
የትርፍራፊን ፎቶ ማንም አላነሣም።

ቢሮ ተመልሼ ቁጥሩን ስሞላ፣
ኮምፒዩተሩ ጮኸ፣ የማጋሊ መስመር ቀላ፦
«ይህ አይታመንም፤ ሰው በዚህ አይኖርም።
ይሰረዝ?»
የወይዘሮ ኦዲልማ አለፈ በሰላም።
ውሸት ልኩን ያውቃል፣ ይገባል በበሩ፤
እውነት ከመክሳቷ ቀረች ከድንበሩ።

ማስታወሻዬ ላይ፣ በራሴ ፊደል፣
«ስብ» ብዬ ልጽፍ ስል፣ አንዲት ጭረት ብትጎድል
«ሰብ» ሆኖ ቁጭ አለ።
ሰብ፦ አሥራ ዘጠኝ ግራም።
ደግሜ አነበብኩት። አልሰረዝኩትም።

ማታ ድልድዩ አጠገብ፣ በበሬ ሞራ የተጠበሰ
ድንች ገዛሁና፣ ወረቀቱ በቅባት ራሰ።
ቆሜ በላሁት እኔም፣ ጣቴን እየላስኩኝ፤
ሚዛኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አላወጣሁት፣ አልመዘንኩኝ።
ቢጠይቁኝ ነገ «ትናንት ምን በላሽ?» ብለው፣
«ትንሽ ሰላጣ» እል ይሆናል፤
ሰው ሲጠየቅ እንዲህ ነው።